ከወጋግራ እስከ ጉልላት፦ ደረጃ ያለው የሣር ክዳን አሠራር

ግቢዬ ውስጥ መጀመሪያ ያቆምኳት ጎጆ ሐምሌ ላይ አዋረደችኝ። ከውጭ ስትታይ ታምራለች። ቡና አፍልተን፣ ጎረቤት ጠርተን፣ አቦል ሊቀዳ ሲል ዝናቡ መጣ። የመጀመሪያው ጠብታ ረከቦቱ ላይ አረፈ። ሁለተኛው የጎረቤቴ ራስ ላይ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየና «ይሄ ጣራ ነው ወይስ ምጣድ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዓይኔ የቆርቆሮ ቤት ለምዶ ስለነበር ጣራውን ለጥ አድርጌ ነበር የሠራሁት። ቆርቆሮ ለጥ ቢል ውኃው ይንሸራተታል። ሣር ግን ካልቆመ ይጠጣል። በዓመቱ አፍርሼ እንደ አዲስ ሠራሁት። እዚህ የምጽፈው የሁለተኛውን ጎጆ አሠራር ነው።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። የሣር ክዳን ላይ የምናየው ጌጥ ሁሉ ለውኃ የተበጀ ነው። ጫፉ ላይ የሚደፋው ማሰሮ ወጋግራዎቹ፣ ማለትም ከዳር ወደ ጫፍ የሚወጡት የጣራ እንጨቶች የሚገናኙበትን፣ ሣር ሊዘጋው የማይችለውን ቀዳዳ ይከድናል። ዙሪያውን እንደ ደረጃ የሚወርደው ክዳን ሣሩ ወፍራም መሆኑን ያሳያል። ተስተካክሎ የተቆረጠው ጠርዝ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ ይጥላል። ስለዚህ ጌጡን ከሥራው ለይታችሁ መጨረሻ ላይ ልትለጥፉት አትችሉም። ከመጀመሪያው ችካል ጀምሮ አብሮ ይታሰባል።

የምንሠራው ዙሪያዋ ክፍት የሆነች የግቢ ጎጆ ነው። ወለሏ ከዳር እስከ ዳር 4.80 ሜትር፣ ክፈፏ፣ የጣራዋ የታችኛው ጠርዝ ማለት ነው፣ ከቋሚው 60 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ። ግድግዳ ያላትም ብትሆን ጣራው ያው ነው።

ሣሩ ቀድሞ ይያዝ

ለክዳን ሰንበሌጥን የሚያህል የለም። ረጅም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ አገዳውም ጠንካራ። ክረምቱ ወጥቶ፣ ዘሩን አራግፎ ቢጫ ሲሆን ይታጨዳል። በደጋው አብዛኛው ቦታ ይህ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ገና አረንጓዴ ሳለ ያጨደ ሰው ሻጋታ ነው የሚከድነው። አጭዳችሁ ነዶ ነዶውን እሰሩ፤ ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት። መሬት ላይ የተጋደመ ነዶ ምስጥ ይጠራል።

ጭድ አይሆንም። በሬ የረገጠው ስለሆነ አገዳው ደቋል። የስንዴ ወይም የገብስ ገለባ ግን ሳይረገጥ፣ ነዶው በእጅ ተመትቶ ዘሩ የተራገፈ ከሆነ ይሠራል። ዕድሜው ከሰንበሌጥ እንደሚያንስ እወቁት ብቻ።

መንዝ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ጓሣ አለላችሁ። የጓሣ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባል የቆየ ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ እየከፈተ ሲያጭድ ኖሯል። 400 ዓመት ገደማ የዘለቀ ሥርዓት ነው። ያለ ፈቃድ ማጭድ ይዞ መግባት እንደሌለ አትዘንጉ።

አሁን አሰልቺው ሥራ። ሣሩ መበጠር አለበት። አንድ ጣውላ ላይ ረጃጅም ምስማር በተርታ መትታችሁ ማበጠሪያ ሥሩ። እያንዳንዱን ጭብጥ በላዩ ሳቡት። ቅጠሉ፣ አረሙ፣ አጫጭሩ ሁሉ ይቀራል። ቅጠል ውኃ ይይዛል፣ ከዚያ ይበሰብሳል፣ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። እኔ በመጀመሪያው ጎጆ ይህን ዘልዬዋለሁ። ሁለት ቀን አተረፍኩ ብዬ አንድ ጣራ ከሰርኩ።

ምን ያህል ሣር ይበቃል? የዚህ ጣራ ስፋት 40 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ነዶ በየአገሩ ስለሚለያይ በነዶ ቁጥር አልነግራችሁም። መሬት ላይ አንድ ካሬ ሜትር ለኩና በሚፈለገው ውፍረት፣ በእጅ ጫን እያላችሁ ሙሉት። ስንት ነዶ ፈጀ? በ40 አባዙት። ከዚያ ለጠርዙና ለደረጃው ሩብ ያህል ጨምሩ።

ልኩ

የወለሉ መሃል ላይ ችካል ትከሉ። 2.40 ሜትር ገመድ አስራችሁ ክብ አዙሩ። ቋሚዎቹ በዚህ ክብ ላይ ይቆማሉ። 8 ይበቃሉ። መሃሉ ላይ ምሰሶው።

የተዳፋቱ ደንብ ቀላል ነው። ከመሃል እስከ ክፈፉ ጫፍ ያለውን ርቀት በገመድ ለኩ። ከክፈፉ ደረጃ ተነሥታችሁ ቢያንስ ያንኑ ያህል ወደ ላይ ውጡ። እዚህ 3 ሜትር ወደ ጎን ስላለን 3 ሜትር ወደ ላይ ነው። ከዚህ በታች ከወረዳችሁ ምጣድ ሠራችሁ ማለት ነው። ምክንያቱን ልብ በሉ። ሣሩ በሣር ላይ ተደርቦ ስለሚተኛ አገዳው ራሱ ከወጋግራው የበለጠ ይጋደማል። ወጋግራው ቀጥ ካላለ ሣሩ ጭራሽ ይተኛል። ዝናብ የሚበዛበት አገር ከሆናችሁ ከፍታውን 3.50 አድርጉት። የሚጨምርባችሁ ሣር 3 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የእንጨቱንም ርዝመት ማስተካከል አትርሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ጣራው እንዲህ ሲቆም ክፈፉ ከቋሚው ራስ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ቋሚውን 2 ሜትር ካደረጋችሁት እንግዳ ሁሉ ግንባሩን ይገጫል። ስለዚህ ቋሚው ከመሬት በላይ 2.50 ይሁን። ክፈፉ 1.90 ላይ ይመጣል። የጣራው ጫፍ 4.90 ላይ ነው። ምሰሶው 70 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይገባል፣ ከጫፉ በላይ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ለጉልላቱ ይቀራል። በድምሩ 6 ሜትር እንጨት ፈልጉ።

ለምሰሶና ለቋሚ ጥድ ወይም ወይራ ከተገኘ ምስጥን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ልጣችሁ አድርቁት፤ መሬት የሚገባውን ክፍል ደግሞ በእሳት ለብለብ አድርጉና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት። መቅበሪያው ላይ ከአፈር ይልቅ ድንጋይ ጠጠር ሙሉበት።

ወጋግራና ማገር

12 ረጃጅም ወጋግራ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ 4.50 ሜትር። እነዚህ ከክፈፉ እስከ ምሰሶው ይደርሳሉ። ሁሉንም ረጅም እናድርግ ካላችሁ ጫፉ ላይ ተጨናንቀው የወፍ ጎጆ ይመስላሉ። ስለዚህ በየሁለቱ መካከል ሁለት ሁለት አጭር አስገቡ። 24 አጭር፣ 3 ሜትር የሆነ። እነሱ ከክፈፉ ተነሥተው የጣራው ሁለት ሦስተኛ ላይ ያበቃሉ። ክፈፉ ጋ በወጋግራዎቹ መካከል ያለው ርቀት 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ምሰሶው ላይ ጫፉን ከመድረሳችሁ በፊት ከተጠማዘዘ እንጨት የተሠራ ቀለበት እሰሩ። 12ቱ ወጋግራ በዚያ ላይ ይደገፋሉ። መጀመሪያ አራቱን በመስቀል አቅጣጫ አቁሙ፣ ከዚያ ሌሎቹን ፊት ለፊት እየተያዩ አስገቡ። በአንድ ወገን ብቻ ከጀመራችሁ ምሰሶው ያዘነብላል።

አሁን ማገሩ። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ ርጥብ ልምጭ። ዙሪያውን እየቀለሳችሁ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቀለበት እሰሩ። ጎጆ ቀለሰ የምንለው ከዚህ ነው፤ እንጨቱ እየታጠፈ ነው ቤት የሚሆነው። 14 ዙር ይወጣል፣ ሲደመር 130 ሜትር ያህል። እያንዳንዱ መስቀለኛ ቦታ ይታሰር። በልጥ ወይም በሐረግ ብታስሩት ያምራል። ሲባጎም ይሠራል። ሽቦ አልወድም። ይዝጋል፣ እንጨቱንም ይቆርጠዋል፣ ከታች ሲያዩት ደግሞ ያስቀይማል።

ከመክደናችሁ በፊት አንድ ከባድ ሰው ወጥቶ ይዙርበት። የሚንቀጠቀጥ ቦታ ካለ አሁን ይገኛል።

ክዳኑ

መጋቢት ከመግባቱ በፊት ብትጀምሩ መልካም ነው፣ በልግ የሚዘንብበት አገር ከሆነ በተለይ። ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ፣ ሌላው ከታች ሣር አቀባይ። ደቦ ብትጠሩ በሁለት በሦስት ቀን ያልቃል። ጠላው ግን ከመሰላል ከወረዱ በኋላ ይሁን።

ሣሩን ጠዋት ውኃ ርጩበት። እርጥበት ሲያገኝ አይሰባበርም፣ ጥብቅ ብሎም ይታሰራል።

ከክፈፉ ጀምሩ። የመጀመሪያው ረድፍ ከሌላው ሁሉ ይወፍራል። ነዶዎቹን ጥቅጥቅ አድርጋችሁ፣ ወፍራሙን የአገዳ ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ከመጨረሻው ማገር 15 ሳንቲ ሜትር አሳልፋችሁ ደርድሩ። ለስላሳው ጫፍ ወደ ላይ ይሂድ፣ በሚቀጥለው ረድፍ ይሸፈናል። በሣሩ ላይ ዙሪያውን ቀጭን ልምጭ አጋድሙ። ይህ ልምጭ ከውስጥ ካለው ማገር ጋር ይሰፋል።

የሚሰፋው ክንድ በሚያህል የእንጨት መርፌ ነው። ወይራ ጠርባችሁ፣ ጫፉን አሹላችሁ፣ ቀዳዳ አብጁለት። ውጭ ያለው መርፌውን በልምጩ በላይ ይወጋል። ውስጥ ያለው ይቀበላል፣ ማገሩን ያዞርና በልምጩ በታች ይመልሳል። ውጭ ያለው በጉልበቱ ተጭኖ ያጠብቃል። «ሳብ!» «ያዝ!» ሲባባሉ መስማት ራሱ ደስ ይላል። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ስፌት። ከሠፋችሁ በኋላ አንድ አገዳ ይዛችሁ ጎትቱ። ተመዝዞ ከወጣ ላልቷል።

ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ልምጭና ስፌት ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። ስፌት ለዝናብ ከታየ ውኃው ክሩን ተከትሎ ቤት ይገባል። በዚሁ ሥርዓት ወደ ላይ ውጡ።

ደረጃው የሚሠራው እዚህ ነው። ተራ ክዳን የፈለገ ሰው የአገዳውን ጫፍ በጣውላ እየመታ ወደ ላይ ይገፋና ለስላሳ ያደርገዋል። ደረጃ የፈለገ ግን በየሁለት ማገሩ፣ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ማለት ነው፣ ረድፉን ያወፍራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲሱን ረድፍ ከመደርደራችሁ በፊት እጅ የሚሞላ፣ እንደ ጉንጉን የታሰረ ሣር ዙሪያውን አጋድሙ። አዲሱ ረድፍ በእሱ ላይ ሲያርፍ ከንፈሩ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ከዚያ በተሳለ ማጭድ አስተካክላችሁ ቁረጡት። እዚህ ጎጆ ላይ 7 ደረጃ ይወጣል። የኮንሶ መንደር አይታችሁ ከሆነ ቅርጹን ታውቁታላችሁ፣ ጣራው በጣራ ላይ የተደፋ ይመስላል።

አንድ አደጋ አለው። ከንፈሩ ብዙ ከወጣ የደረጃው ላይኛ ፊት ይጋደማል፣ ውኃ ይተኛበታል፣ የዛፍ ሽበት ያወጣል። ሦስት ጣት ያህል ከወጣ ይበቃል። ከርቀት ጥላው ነው የሚያሳምረው፣ የግድ መግዘፍ የለበትም።

ቁርጡን በዓይን አትመኑ። አንዱ ምሰሶው ጫፍ ላይ ገመድ አስሮ ይያዝ። ሌላው የገመዱን ጫፍ ይዞ እየዞረ ምልክት ያድርግ። የታችኛውን ክፈፍ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ሣር ከተጫነ በኋላ ቁረጡ። ቀድማችሁ ከቆረጣችሁት ሲረጋ ይጎረብጣል።

ባለ ሁለት ቀለም ክዳን ልሥራ የሚሉ አሉ፣ ቀላ ያለውን ሰንበሌጥ ከብሩህ የገብስ ገለባ እያፈራረቁ። ሞክሬዋለሁ። ጥቅምት ሲመጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ነበር። ውጭው ለቅርጽ ይሁን፣ ቀለሙን ለውስጥ አስቀምጡት።

ጉልላቱ

ጫፉ ላይ ስትደርሱ ሣሩን ከምሰሶው ጋር አቅፋችሁ እንደ ቁንጮ እሰሩት። ሁለት ቦታ፣ አጥብቃችሁ። ከሥሩ ጭቃ በጭድ ለውሳችሁ እንደ አንገትጌ ምረጉት። ከዚያ ማሰሮው ይደፋል።

ማሰሮው በደንብ የተቃጠለ ይሁን። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ እዩት፤ ከሟሟ ወይም ከሰነጠቀ ለጣራ አይሆንም። ሆዱ ሰፊ የሆነው ይሻላል። ውኃው ከሆዱ ላይ ተንጠባጥቦ ከቁንጮው ራቅ ብሎ ይወድቃል። አፉ ቁንጮውን ካላስገባ አንገቱን ቀስ ብላችሁ ሰብራችሁ አስፉት። አንገቱ የተሰበረ የቤት ማሰሮ ካላችሁ እንዲያውም እሱን ተጠቀሙ። አገር ቤት እንስራ ሲሰበር ጡረታ የሚወጣው ጣራ ላይ ነው።

በላዩ ላይ ሌላ ነገር መደርደር ትችላላችሁ። ሁለት ማሰሮ ትልቅና ትንሽ ተደራርቦ ያምራል። ሸክላ ሠሪ ካገኛችሁ ቀንድ ያለው፣ ወፍ የተቀመጠችበት ጉልላት ታዝዛላችሁ። የሰጎን እንቁላል ግን ለቤተ ክርስቲያን ተዉት። እዚያ መስቀሉ ላይ የሚሰካው ትርጉም ስላለው ነው። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል ሁሉ ምእመኑም ልቡን ከፈጣሪው እንዳይነቅል ይባላል። ቡና መጠጫ ጎጆ ላይ ሲታይ ግን ትንሽ ይከብዳል።

ቀና ስትሉ የሚታየው

አብዛኛው ሰው ውጭውን አሳምሮ ውስጡን ይረሳል። ጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ግን ውስጡን ነው። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከውጭ የሣር ክዳን ነው። ገብታችሁ ቀና ስትሉ የመላእክት ፊት ጣራውን ሞልቶት ይጠብቃችኋል። ያን ባንችልም ከሐሳቡ መቅዳት አያሳፍርም።

የሾጣጣ ጣራ ውስጥ የመሶብ ክዳን ይመስላል። እንዲያውም ሙያው አንድ ነው፣ ክብ እያዞሩ መስፋት። ስለዚህ መሶብ የሚሰፉ እናቶችን ጥሩ። አለላውን በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሐምራዊ ነክረው ወጋግራና ማገሩ የሚገናኝበትን ቦታ ይጠመጥሙላችኋል። ሁሉንም መጠምጠም አያስፈልግም። በየሦስተኛው ማገር አንድ ዙር ቀለም በቂ ነው። ወደ ጫፉ ስትጠጉ አብዙት፣ ዓይን ወደ ላይ ይሳባል። ይህ ሥራ ከክዳኑ በፊት ቢሠራ ይቀላል። ከክዳኑ በኋላ መርፌውና አቧራው ሁሉ ከዓይናችሁ ነው የሚገባው።

ማገሩ ላይ ከሣሩ በፊት የተሰነጠቀ ሸምበቆ ጎን ለጎን ብትደረድሩ ደግሞ ሣሩ አይታይም፣ ጣራው የተሸመነ ይመስላል። ዋጋው ይጨምራል፣ ስብርባሪ ሣር ግን ቡናችሁ ውስጥ አይወድቅም።

ሾጣጣው ካልማረካችሁና ቀርከሃ በቅርብ ካለ የዶርዜን ቤት አስቡ። ጨንቻ ሄዳችሁ ብታዩት ግድግዳና ጣራ የሚባል ልዩነት የለውም። ቤቱ በሙሉ ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይሸመናል፣ በላዩ በቀርከሃ ልባስና በእንሰት ቅጠል ይለብሳል። ከበሩ በላይ ብቅ ያለው ክፍል የዝሆን ግንባር ያስመስለዋል። አዲስ ሲሠራ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው እያጠረ ይሄዳል፣ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ሌላ ቦታ ያቆሙታል። ግን ይህ በመመሪያ የሚለመድ አይደለም። ሸማኔውን ራሱን አምጡ።

እሳት፣ ጪስ፣ ወፍ

እሳት ቀልድ አይደለም። ከማድ ቤትና ከጎረቤት አጥር ራቅ አድርጋችሁ ሥሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሣሩ ውስጥ አይለፍ። መብራት ካስፈለገ ሽቦው በምሰሶው በቱቦ ውስጥ ይውጣ፣ አምፖሉ የማይሞቀው ዓይነት ሆኖ ከሣሩ ወረድ ብሎ ይንጠልጠል። ከሰል ብታቀጣጥሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ፍንጣሪው ካለቀ በኋላ ይግባ። ጣራውን የሚደርስ የውኃ ጎማ በቅርብ ይኑር።

ጪስ ግን ወዳጅ ነው። አገር ቤት ጣራው ሥር የተንጠለጠለውን ጥቀርሻ ያየ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ሣሩን ያቆየው እሱ ነው። ጪሱ ያደርቀዋል፣ ነፍሳቱንም ያባርራል። ምድጃ የማይነድበት የግቢ ጎጆ ቶሎ የሚያረጀው ለዚህ ነው። እኔ በክረምት በሳምንት አንድ ቀን የወይራ ቅጠል በማጨሻ አጨሳለሁ። ለአለላው ቀለም ግን እንደማይመች ልንገራችሁ፣ ይጠቁራል።

በላዩ ዛፍ ካንዣበበ ቅርንጫፉን ቁረጡ። ጥላ ያለበት ጎን አይደርቅም፣ መጀመሪያ የሚበሰብሰውም እሱ ነው። ወፎች ለጎጇቸው ሣር መምዘዛቸው አይቀርም። ግንቦት ላይ ዙሩና የተመዘዘውን ቦታ በጭብጥ ሣር ጠቅጥቁት፤ የላላ ልምጭ ካለ እንደገና ስፉት። ጉልላቱንም ነካ አድርጋችሁ እዩ። ከተወዛወዘ የጭቃው አንገትጌ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ዝናቡ ሳይገባ ይመረግ።

ክዳኑ ሲሳሳና ልምጮቹ መታየት ሲጀምሩ ሁሉንም ማፍረስ አያስፈልግም። የበሰበሰውን የላይኛ ሽፋን ፍቃችሁ አንሡ። ከሥሩ ደረቅ ሣር ካገኛችሁ በእሱ ላይ አዲስ ሽፋን ይሰፋል። ማሰሮውን ግን መጀመሪያ አውርዱት። እኔ ሳላወርድ ጀምሬ አሁን ጣራዬ ላይ ያለው ሁለተኛው ነው።